ደፍ ላይ ያደረው መስፍን

አንድ ጥሮ ግሮ የከበረ፣ አየነው የሚባል ነጋዴ ነበር። ከታናሽ ወንድሙ ከደሴ ጋር በወፍጮ ቤት ድርሻ ተጣልተው ከተለያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አየነው ደሴ ይገኝበታል ወደተባለ ሰርግ አይሄድም፤ ለቅሶም ቢሆን ወንድሙ ወጥቶ መሄዱን ሰው ልኮ ሳያረጋግጥ አይደርስም። በቤቱ የደሴን ስም ማንሳት ክልክል ነበር።

ደሴ ታመመና እንታረቅ ብሎ ሽማግሌ ላከ። አየነው ግን "ደክሞኛል፤ አርፌ ስመለስ ቁርጡን እነግራችኋለሁ" ብሎ ከከተማ ወጣ። የሄደውም የጥንት መስፍን ምሽግ ወደነበረና አሁን ታድሶ ሆቴል ወደ ሆነ ግንብ ነው።

የሆቴሉ ባለቤት የሺመቤት በር ላይ ተቀበለችው።

"ጋሼ፣ ፎቅ ላይ ሐይቁን የሚያሳይ ክፍል አለ፤ እሱን ልስጥዎት?"

"ሐይቅ ምን ያደርግልኛል? ውሃ አገሬም አለ። ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ጠንካራ የሆነውን ስጪኝ። የሰው ድምፅ መስማት አልፈልግም።"

"ጠንካራ በር ካሉማ ምድር ቤት ነው። ግን እሱን ክፍል ወዶት የወጣ እንግዳ የለም።"

"የመጀመሪያው እኔ ልሁና!"

በሩ የወይራ ሳንቃ ነበር። አየነው ሊቀረቅረው ሲል መቀርቀሪያ አጣ፤ ለካ በውጭ በኩል ነው። የደሴ ነገር እየተመላለሰበት እንቅልፍ ሳይወስደው ነጋ።

"አንቺ ሴትዮ" አላት ጠዋት በሩ ድረስ ጠርቶ፣ "ቅርስ አደስን ትላላችሁ፤ መቀርቀሪያውን ገልብጣችሁ ነው የገጠማችሁት!"

የሺመቤት ሳቀች። "እንደነበረ ነው የመለስነው፣ ጋሼ። መስፍኑ ወንድሙን ያሰረበት ክፍል ነው።"

አየነው ፊቱ እንዳይታይበት አቀረቀረ። የበሩ ደፍ ድንጋይ መሀሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። በከዘራው ነካ አደረገው።

"ይሄንስ ምን በላው? እስረኛ እንደሆነ አይወጣ፣ አይገባ።"

"መስፍኑ ነዋ! ያስመልጡብኛል ብሎ ዘበኛ አላመነም። እስኪያረጅ ድረስ እዚህ ደፍ ላይ ነበር የሚተኛው ይላሉ።"

"ፎቁስ የማን ነበር?"

"የራሱ። አሠራው እንጂ አላደረበትም።"

አየነው ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ጎድጓዳው ለእሱ የተለካ ይመስል ነበር። ወንድሙ ከለቅሶ ቤት እስኪወጣ እየጠበቀ ጥግ ለጥግ የቆመባቸው ጊዜያት ትዝ አሉት። ድካሙ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባው።

"ሐይቁን የሚያሳየው ክፍል አሁንም ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው።"

"ሁለት ሰው ያስተኛል?"

"ከማን ጋር ሊያድሩ ነው ደግሞ?" አለች እየሳቀች።

"ከታመመ ሰው ጋር። ደረጃው ከከበደው ደግፌ አወጣዋለሁ" አለና ለሽማግሌዎቹ ሊደውል ስልኩን አወጣ።

የተቀየምነውን ሰው ከልባችን አውጥተን የዘጋንበት ይመስለናል። የተዘጋ በር ግን ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂውም እኛው ነን። ያፈራውን ሁሉ አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው እንኳ ይህን ኪሳራ ሳይቆጥር ያረጃል።

እናንተስ፣ የሠራችሁትን ፎቅ ትታችሁ በማን ደፍ ላይ ነው የምታድሩት?