ሰው እስኪበተን የጠበቀው ባል

አንድ አናጢ ነበረ። እጁ የሠለጠነ፣ ቃሉ የታመነ፣ ሰው የሚያከብረው አናጢ። ከአገሩ ወጥቶ በሩቅ አገር ኖረ፤ እዚያው ሚስት አገባ፣ ልጆች አሳደገ። በስተርጅና ግን አጥንት የሚሰረስር ክፉ ሕመም ያዘው።

ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ ልጄ ልመንህ። «አባ፣ ሕመሜን በሆዴ ብይዘው ማንን እጎዳለሁ?» ነው ያልከኝ። እመልስልሃለሁ፤ የምመልሰው ግን በራሴ መንገድ ነው። አርፈህ ስማ።

ያ ሰው የሚኖርበት አገር ካናቢስ የሚባለውን ዕፅ ይፈቅዳል። እኛ ጋ የሚያሳስረው ነገር እዚያ በሱቅ ይሸጣል፤ ሐኪምም ያዝዘዋል። ለእሱም ሐኪሙ የዕፁን ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ሰጠው። ማታ ማታ ጥቂት ጠብታ ከምላሱ ሥር ያደርጋል፣ ሕመሙ ይታገስለታል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። ለልጆቹ «ወገቤን ነው» ይላቸዋል። በዚያ ላሉት ያገሩ ልጆች ማኅበር ሰዎች «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ጥርሱን ነክሶ ይሞታል እንጂ ታመምኩ አይልም። ይህንንም ጨዋነት ይለዋል።

ሐኪሙ ብዙ ዕድሜ እንዳልቀረው ለባልና ለሚስት ነግሯቸዋል። ሚስቲቱ ደግሞ አንድ ምኞት ነበራት፤ ከባሏ ጋር ባሕር ላይ ጥቂት ቀን መሰንበት። ማኅበሩ በሽርሽር መርከብ ጉዞ ሲያዘጋጅ «እንሂድ፣ እባክህ፣ ሌላ ጊዜ የለንም» አለችው። እሺ አላት።

ታዲያ መርከብ የራሱ ሕግ አለው። የተነሣህበት ከተማ ቢፈቅድም፣ ሐኪም ቢያዝልህም፣ ያ ዕፅ መርከብ ላይ አይወጣም። መርከቡ የሚያርፍባቸው ደሴቶችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ምሕረት አያውቁም። ሚስቲቱ ይህን ሰምታ ነበርና «ደውለን እንጠይቅ፤ ሌላ ማስታገሻ ይኖራቸው ይሆናል» አለችው። እውነቷን ነበር። መርከቡ ሐኪም አለው፤ ሕመሙን አስቀድሞ ለተናገረ ሰው የተፈቀደ መድኃኒት ያዘጋጅለታል። ነገር ግን ጉዞውን የያዘላቸው የማኅበሩ ጸሐፊ ስለሆነ፣ ጥያቄው በእሱ በኩል ማለፍ ነበረበት።

«ለእሱ ነገርሽ ማለት ለአገር ነገርሽ ማለት ነው» አላት። «ተይው። ቤት ትቼው እሄዳለሁ።»

አልተወውም። መጀመሪያ ስሙ ያለበትን ወረቀት ከጠርሙሱ ላይ ልጦ ጣለ። ከዚያ ሚስቱ የያዘችውን የቅቤ ጣሳ ከፈተ። ቅቤውን የያዘችው የመርከቡ ምግብ አልጣፍጥ ሲለው ሩዙ ላይ ጣል ልታደርግለት ነበር። ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልሎ ቅቤው መሀል ቀበረው፤ የኮረሪማው ሽታ ይሸፍነዋል ብሎ። ለእሷም አልነገራትም። ሲሳፈሩ የመርከቡ ሠራተኛ «የታመመ አለ? የሚወስደው መድኃኒት ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀ። የማኅበሩ ሰዎች ከኋላው ተሰልፈው ነበር። «የለም፣ ደህና ነን» አለ።

ጥቂት ቀን ደስ ብሏቸው ሰነበቱ። ይህን መካድ አይገባም። ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ጎን ለጎን አድርገው ውሃውን ያያሉ፤ እሷ እግሩን በነጠላዋ ትሸፍንለታለች። እንዲህ ሆነው ያዩዋቸው ሁሉ ቀኑባቸው።

ከዚያ መርከቡ አንዲት ደሴት ላይ ቆመ። የደሴቲቱ ፖሊሶች ዕፅ የሚያነፈንፍ ውሻ ይዘው ወደ መርከቡ ወጡ። የማኅበሩ ሰዎች ለመውረድ መተላለፊያው ላይ ተሰብስበዋል። ውሻው የባልና ሚስቱ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ቁጭ አለ፤ ንቅንቅ አልል አለ። ገብተው ሻንጣውን አወጡ፣ ጣሳውን ከፈቱ፣ ጠርሙሱ ከነቅቤው ወጣ።

«የማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

ሚስቲቱ ባሏን አየችው። ዙሪያውን የቆሙትን ሰዎችም አየች። ነገሩ ገባት።

«የኔ ነው» አለች።

እሱስ? እሱማ ዝም አለ። ክፉ ሆኖ እንዳይመስልህ፤ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚሳሳላት። በልቡ «ሰው ሲበተን ለፖሊሱ ለብቻው እነግረዋለሁ» አለ። ይህን ያህል ብቻ ነው ያጠፋው። ሰው እስኪበተን ጠበቀ።

ሰው ሲበተን እሷን በሌላ በኩል አውርደዋታል። ተከትሎ ወረደ፤ ሕመሙ እየጠዘጠዘው ጣቢያው ድረስ ሄደ። «የኔ ነው፣ በሽተኛው እኔ ነኝ» አለ። የጣቢያው አዛዥ አዘነለት እንጂ አላመነውም።

«አባት፣ ሚስቱን ለማዳን ባል ሁሉ እንዲህ ይላል። እውነት ቢሆን ያኔውኑ ይናገሩ አልነበር?» አለው።

ኋላ ከሐኪሙ ማስረጃ መጣ። ዳኛውም «መታመሙን አምነናል፤ ዕፁ የተገኘው ግን በእሷ ዕቃ ነው፤ በአፏም አምናለች» ብሎ መንፈቅ ፈረደባት። እሱን ወደ ቤቱ መለሱት።

መንፈቁ ሳይሞላ ሞተ። አልጋ ላይ ሆኖ ለመጣው ሁሉ፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም፣ «የኔ ነበር፣ የኔ ነበር» ይል ነበር። ያ ያወራብኛል ብሎ የፈራው የማኅበሩ ጸሐፊ እግሩ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። «ምነው ጋሼ፣ ለእኔ ቢነግሩኝ? የገዛ እናቴን በዚያው መርከብ ስወስዳት ሕመሟን ተናግሬ አይደለም ወይ መድኃኒት ያሰጠኋት?» አለው።

ሚስቲቱ ተፈታ ስትመጣ ቀብሩ አልፏል። ስለ ቀብሩ አልጠየቀችም። ልጆቿን «ማታ ማታ ሲያመው ማን ነበር አጠገቡ?» አለቻቸው።  ልጆቹ ተራ ገብተው አስታመውታል፤ ግን ሲቃትት የሚጠራው እሷን ነበር።

እንግዲህ አንተ፣ ልመንህ። መርከብ አልተሳፈርክም፣ ዕፅም አልያዝክ። ሐኪሙ ኩላሊትህ መታመሙን ከነገረህ ወዲህ ግን ቤትህ እየገባህ «ደህና ነኝ» ትላለህ። የልጄ ሠርግ ይለፍ፣ እንግዳው ይሂድ፣ ከዚያ እነግራታለሁ ትላለህ። ያም ሰውዬ ሊናገር አስቦ ነበር እኮ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሱስ የራሱ ጉዳይ ነው በለው። አንተ ግን ማንን እጎዳለሁ አልከኝ። ሚስትህ ቅዳሜ እዚህ መጥታ ነበር። አይንገሩብኝ አላለችኝምና እነግርሃለሁ። «አባ፣ ባሌን ምን አስቀይሜው ይሆን? የሠራሁለትን አይበላም፣ ማታ ፊቱን ያዞርብኛል። ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ስታለቅስ አመሸች።

ሰማህ? አንተ ዝም ስላልክ እሷ «የኔ ነው» ብላለች። ተነሥና ሂድ። ቤትህ ሰው ሞልቶ ቢጠብቅህም፣ ሰው ፊት ንገራት።