ሸህ ሙሄ የፋቁት ክራር

ወላሂ ብዬ ብምልም አታምኑኝም። ግን አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ጺሜ ይርገፍ። በአንዲት የድሮ ከተማ፣ ስሟን ተዉት፣ ሸህ ሙሄ የሚባሉ እንጨት ጠራቢ ሽማግሌ ነበሩ። ሱጁድ ሲወርዱ ያያቸው መንገደኛ ገበያ ውሎ ሲመለስ ገና ቀና አላሉም። የእጃቸው ሥራ እንከን የለውም ተብሎ በአገሩ ሁሉ ተወርቷል። አንድ ልማድም ነበራቸው፤ የሰው ዕቃ ባለቤቱ ፊት ካልሆነ አይነኩም። "አማና፣ አደራ ነው፤ ዓይንህ እያየ ይሁን" ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ የአገሩ ባላባት ፊታውራሪ እብሬ የሟች አባታቸውን ክራር ይዘው መጡ። ክራሩን ሠላሳ ዓመት ሲመታ የኖረው ጭሰኛቸው ኡመሬ ከኋላ ይከተላል። ክራሩን በወጣትነታቸው የጠረቡት ራሳቸው ሸህ ሙሄ ናቸው። ያኔ ጥላሸት የተቀባው ገበቴው አሁን ከድስት ቂጥ ይበልጥ ጠቁሯል።

"ሸህዬ፣ የልጄ የኒካሕ ሠርግ ደርሷል" አሉ ፊታውራሪ። "ይሄን ጥቁረት ያስለቅቁልኝና እንጨቱ ይፍካ። ከዚያ የአዲሱን መስጊድ ሚንበር የሚጠርቡት አንቱ ነዎት። ስሕተት የማያውቅ እጅ ሌላ የት አገኛለሁ?"

ኢማሙ ወጥቶ የሚሰብክበትን ሚንበር መጥረብ የሸህ ሙሄ የዕድሜ ልክ ዱዓ ነበር። ፊታቸው ግን አልፈካም። ቢስሚላህ ብለው ጅማቱንና ቆዳውን ፈቱ፣ ገበቴውን የአመድ ውሃ አጠጡት፣ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቁት ጀመር። ጥቁሩ እየተላጠ ወረደ፣ ዋንዛው ብቅ አለ። ከዋንዛው ጋር ከአፉ እስከ ቂጡ የሚወርድ፣ በሰም የተደፈነ ስንጥቅ አብሮ ወጣ። እኔን ካመናችሁኝ ግመል ከነጭነቱ ያልፍበታል።

ፊታውራሪ ወደ ኡመሬ ዞሩ። የሳቸው ቁጣ የሚያስፈራው ድምፃቸው ሲቀንስ ነው።

"ጣልኸው" አሉ። "ጣልህና በሰም ደፍነህ ጥላሸት ቀባህበት።"

"በአላህ እምላለሁ ጌታዬ፣ ከእጄ ወድቆ አያውቅም።"

"የአባቴን ዕቃ ሰብረህ በአላህ ትምላለህ? ነገ ጎህ ሲቀድ መሬቴን ልቀቅ። ሚስትህንም ፍየሎችህንም ይዘህ።"

ኡመሬ መሬት ላይ ተቀመጠ። ማዶ ያለች አህያ እንኳ ማናፋቷን ከግማሽ አቋረጠች። ሸህ ሙሄ ስባሪውን እንደያዙ ደርቀዋል። ዝም ካሉ ሚንበሩ የሳቸው ነው፣ ክብራቸውም እንዳለ ነው። ከአላህ በቀር የሚያውቅባቸው የለም። ከግንባራቸው የወረደው ላብ ለአንድ ሰው የውዱእ መታጠቢያ ይበቃ ነበር።

"ፊታውራሪ" አሉ በመጨረሻ። "ሰውዬውን ከቤቱ አያስወጡት። ስንጥቁ የኔ ነው።"

"ምን አሉ?"

"ስጠርበው መሮው አመለጠኝ። አባትዎ በማግስቱ ይፈልጉት ስለነበር በሰም ደፈንሁት፣ እንዳይታይም ጥላሸት ቀባሁት። 'የዚህ ልጅ እጅ እንከን የለውም' ብለው ሲያወሩልኝ ዝም አልሁ። አርባ ዓመት ስሜ የቆመው በዚያ ዝምታ ላይ ነው። አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። አንተም ኡመሬ፣ አፉ በለኝ።"

ፊታውራሪ አፈጠጡባቸው። "እያወቁ ታዲያ ለምን ፋቁት?"

"ሰሙ ይሰውረኛል ብዬ ተመኘሁ። ነፍስ እንዲህ ናት።"

"ሚንበሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

"ሐቅዎ ነው።"

"ዝም ቢሉ የሚቀርብዎት ነገር አልነበረም። ምን አናገረዎት?"

ሸህ ሙሄ ስባሪውን አስቀመጡ። "ሰው ፊት ማፈር መሽቶ ሲነጋ ያልፋል። አላህ ፊት ማፈር ግን ማለፊያ የለውም።"

ያ ጀመዓ፣ ስሙኝማ፣ እኔ ኪታብ ያልቀራሁ፣ ያልተማርሁ ሰው ነኝ፤ ይህቺ ግን ገብታኛለች። ከሱጁድ የማይነሳ ሰውም ደፍኖ ያስቀመጣት ነገር አትጠፋውም። ደጉ ሰው የሚታወቀው የሌላው ቤት ሊፈርስ ሲል ራሱን ሲፍቅ ነው።

ፊታውራሪ ጋቢያቸውን አስተካከሉና "ኡመሬ፣ ተነስ፣ ወደ ቤትህ ግባ" አሉ።

ኡመሬ ተነሳ። እንባውን ጠረገ፣ የሸሁን እጅ ሳመ፣ ግን መንገድ አልጀመረም።

"አፉ ብያለሁ ሸህዬ" አለ። "ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የክራሩ ድምፅ በሻከረ ቁጥር ሚስቴ 'ጣትህ ነው' እያለች አላስቀመጠችኝም። በአላህ ይሁንብዎ፣ ቤት ድረስ መጥተው ይሄንኑ ለሷ ይድገሙልኝ።"