ዳማ ያለ ካንዴላ አትነሳም

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን» ካላችሁ ወንበራችሁን ሳብ አድርጉ። «አትንገረን» ካላችሁም መንገሬ አይቀርም፤ ጀምሬያለሁ።

ሰንበሌጥ በምትባል የቆላ ከተማ ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። ይርዳው አንዲት ሚስትና አንዲት የድሮ ሞተር ሳይክል ነበሩት። ሚስቱ አትጠገብ ትባላለች። ሞተሯም ስም አላት፤ ቀለሟ የዳማ ፈረስ ቀለም ስለሆነ ዳማ ይላታል። ክብ መብራት አላት፣ የነዳጅ ቋቷ እንደ እንስራ ሆዱ የወጣ ነው፣ የምትነሳውም በእግር ተረግጣ ነው። ይርዳው በየማለዳው ይወለውላታል። ካቴናዋን ዘይት ይቀባል፣ ብሎኖቿን ያጠብቃል፣ የጎማዎቿን ራጂ፣ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች፣ አንድ በአንድ በጣቱ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል። ከመቀመጫዋ ስር በስተግራ ካለችው ትንሽ የመፍቻ ሳጥን በቀር እጁ ያልደረሰበት ቦታ የለም። የሳጥኗ ብሎን ዝጎ ስለተጣበቀ «ውስጧ ጨርቅ ብቻ ነው» ብሎ ትቷታል። ማታ ማታ ዳማን ብርድ ልብስ ያለብሳታል። ብርድ ልብሱ ከእሱና ከአትጠገብ አልጋ ላይ የተነሳ ነው፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

አትጠገብ በአስራ አንድ ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ ዳማ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። «የኋላ መቀመጫው ስፌት ይተረተራል» ይላታል። የገበያ ቀን እሱ በሞተር ቀድሞ ይደርስና ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷ ዘንቢሏን ይዛ በእግሯ ትከተላለች። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ውሃ ሆና ቤት ስትደርስ ዳማ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ ቆማለች። አትጠገብ ብርድ ልብሱን አየችው። ነጠላዋን ጨምቃ አሰጣች፤ በማግስቱ ጠዋት ዳገቱ ላይ ወዳለው ወንድሟ ቤት ሄደች።

ይርዳው መጀመሪያ «ትመጣለች» አለ። ከዚያ «ምነው ዘገየች» አለ። ከዚያ ቤቱ ጭር አለበትና ሽማግሌ ላከ። አትጠገብ ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግዳ እንዲህ አለቻቸው፤

«ማክሰኞ ከቀትር በፊት በዚያችው ሞተር መጥቶ፣ ከኋላው አስቀምጦ ከወሰደኝ እመለሳለሁ። ካልመጣ ወንድሜ ሁለት አህያ ይዞ ወርዶ የልብስ ሳጥኔን ያመጣልኛል። ከዚያ ወዲያ እናንተም አትድከሙ።»

ይርዳው ይህን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። ማክሰኞ ማለዳ ጢሙን ተላጨ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለበሰ፣ ብርድ ልብሱን ገፈፈና መርገጫዋን ረገጠ። ዳማ ዝም። ደግሞ ረገጠ። ዝም። ጎንበስ ብሎ ቢያይ እሳት የምትጭርበት ካንዴላ ከቦታው የለም። ያን ጊዜ ትዝ አለው። አትጠገብ የሄደች ሰሞን የትም መሄድ አስጠልቶት ስለነበር ካንዴላውን ለሽንኩርት አምራቹ ለእንድሪስ፣ ለውሃ ፓምፑ፣ «ለአንድ ቀን» ብሎ አውሶታል። አንዱ ቀን ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በከተማዋ ደግሞ ሌላ ካንዴላ የለም።

«የሰው እቃ ወስዶ የማይመልስ!» አለና ወደ ማሳው ገሰገሰ።

እንድሪስን ፓምፑ አጠገብ እጁን በወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ አገኘው። «እንድሪስ፣ ካንዴላዬን! አትጠገብ ያለ ዳማ አትመጣም፤ ዳማ ያለ ካንዴላ አትነሳም!»

«ይርዳው ወንድሜ፣ ወላሂ አፍሬያለሁ» አለ እንድሪስ። «ግን እየው፣ ቦዩ ደርቋል። ይቺ ፓምፕ ከጉድጓድ ጭልፋ የምታህል ውሃ እየቆነጠረች ናት ሽንኩርቴን በነፍስ ያቆየችው። አሁን ካንዴላውን ብነቅለው እስከ ማታ ሁሉም ይጠወልጋል። የቦዩ ውሃ ይለቀቅልኝ እንጂ ካንዴላህን ስሜ ነው የምሰጥህ።»

«ውሃውን ማን ያዘው?»

«የውሃ አባቱ፣ አባ ሙሄ።»

«አይ ሰው!» አለና ይርዳው ሄደ። እየሄደም ለራሱ እንዲህ ይላል፤ አትጠገብ ያለ ዳማ አትመጣም፤ ዳማ ያለ ካንዴላ አትነሳም፤ ካንዴላው ያለ ውሃ አይመለስም።

አባ ሙሄ የወንዙን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያካፍሉ ሽማግሌ ናቸው። ቦዩ አፍ ላይ፣ ከብረቱ መዝጊያ አጠገብ፣ ጥላ ስር ተቀምጠው አገኛቸው።

«አባ ሙሄ፣ በእናትዎ ውሃውን ይልቀቁልኝ! አትጠገብ ያለ ዳማ አትመጣም፤ ዳማ ያለ ካንዴላ አትነሳም፤ ካንዴላው ያለ ውሃ አይመለስም!»

«ልጄ፣ ውሃውን እኔ የከለከልኩ መሰለህ?» አሉ አባ ሙሄ። «መዝጊያውን ወደ ላይ የምናነሳበት ማንሻ ተሰብሮ እኮ ነው።»

«በእጅ ብናነሳውስ?»

«አራት ጎረምሳ ሞከረ። ሁለቱ ወገባቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ሁለቱ እስካሁን ተኝተዋል። ማንሻው ቀጥቃጩ ቸኮል ዘንድ ነው። ሂድና ከእሱ ጋር ተነጋገር።»

ይርዳው ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። ገና ናት፤ ግን ቆማ አትጠብቅም። አትጠገብ ያለ ዳማ አትመጣም፤ ዳማ ያለ ካንዴላ አትነሳም፤ ካንዴላው ያለ ውሃ አይመለስም፤ ውሃው ያለ ማንሻ አይለቀቅም። ይህንን እያለ ወደ ቀጥቃጩ ሮጠ።

ቀጥቃጩ ስሙ ቸኮል ይባል እንጂ ሲቸኩል ያየው ሰው የለም። በቀዘቀዘ ምድጃ ፊት ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። የተሰበረው ማንሻ እግሩ ስር ተጋድሟል።

«ጋሽ ቸኮል፣ ምነው ቁጭ አሉ? አትጠገብ ያለ ዳማ አትመጣም፤ ዳማ ያለ ካንዴላ አትነሳም፤ ካንዴላው ያለ ውሃ አይመለስም፤ ውሃው ያለ ማንሻ አይለቀቅም!»

ቸኮል መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ወናፌ ተቀዷል» አለ። «እሳቱን በምን ላናፋው? በአፌ?»

«ታዲያ አይሰፋም?»

«ጫማ ሰፊው ደምሌ ጋ ከሄደ ሁለት ሳምንቱ ነው። ደምሌን ጠይቀው።» ከዚያ ይርዳውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተ ብትጠይቀው እንዲያውም ጥሩ ነው» አለና መፋቂያውን መልሶ ጎረሰ።

ይርዳው ነገሩ አልከነከነውም። ላቡን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ ወደ ደምሌ ገሰገሰ። ደምሌ መንገድ ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው የሚሰፋው። ይርዳውን ሲያይ ብድግ አለ።

«ይርዳው፣ እንዴት አደርክ? ዳማ ደህና ናት? መቀመጫዋ እንዴት ነው?»

«የዳማን ተወው! አትጠገብ ያለ ዳማ አትመጣም፤ ዳማ ያለ ካንዴላ አትነሳም፤ ካንዴላው ያለ ውሃ አይመለስም፤ ውሃው ያለ ማንሻ አይለቀቅም፤ ማንሻው ያለ ወናፍ አይጠገንም! ወናፉን ስፋልኝ!»

ደምሌ ወናፉን ከጀርባው አውጥቶ አሳየው። «ይኸውልህ። ቆዳው የበሬ ነው፤ የጫማ ወስፌ ይሰበርበታል፣ ሁለት ሰብሬበታለሁ። ለዚህ የሚሆን የአባቴ ትልቁ ወስፌ ነበረኝ፤ እጀታው የፍየል ቀንድ የሆነ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ተዋሰኝ።»

«ማን?»

ደምሌ አንገቱን ደፋ። አንድ አሮጌ ጫማ አንስቶ ያገላብጥ ጀመር። «እንጃ እንግዲህ… አንድ ሰው ነው። ጥሩ ሰው ነው።»

«ጥሩ ሰው!» የይርዳው ደም ፈላ። «የሰው እቃ ወስዶ የማይመልስ ጥሩ ሰው አለ? ሁለት ዓመት! ምን ዓይነት ህሊና ቢስ ነው? ስሙን ንገረኝና አንገቱን ይዤ ላምጣልህ!»

«ተወው ይርዳው፣ ግድ የለም።»

«ግድ የለም እያልክ እኮ ነው እንዲህ የተጫወቱብህ!»

ደምሌ ጫማውን ማገላበጡን ቀጠለ። ጆሮው ግን ቀላ።

ይርዳው ቤቱ ሲመለስ ፀሐይዋ አናት ልትደርስ ትንሽ ነበር የቀራት። ከዳማ አጠገብ መሬት ላይ ዘጭ አለ። አለቀ፤ አሁን ሁለቱ አህዮች ለመውረድ እየተሰናዱ ይሆናል፣ አለ በልቡ። የአትጠገብ ሳጥን በመስኮት ይታየዋል። ሳጥኑ ሲወጣ ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ባዶ ቦታ አሰበ። እንደ ጸሎት ይደግመው ጀመር፤ አትጠገብ ያለ ዳማ አትመጣም፤ ዳማ ያለ ካንዴላ አትነሳም፤ ካንዴላው ያለ ውሃ አይመለስም፤ ውሃው ያለ ማንሻ አይለቀቅም፤ ማንሻው ያለ ወናፍ አይጠገንም፤ ወናፉ ያለ ወስፌ አይሰፋም። ወስፌው ያለ…

ዓይኑ የዳማ የኋላ መቀመጫ ላይ አረፈ። ያ ስፌት! አትጠገብን ለአስራ አንድ ዓመት የከለከላት መቀመጫ ከሁለት ዓመት በፊት በእርጅና ተቀዶ ራሱ ነበር የሰፋው። ወፍራም ክር፣ ወፍራም ቆዳ። «በምን ነበር የሰፋሁት?» አለ። ብድግ አለ።

ድንጋይ አንስቶ የግራዋን ሳጥን ብሎን መታው፣ ደገመው፣ ሰበረው። ውስጧ እንዳለው ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ውስጥ ግን ወስፌ ነበር፤ እጀታው የፍየል ቀንድ የሆነ። ህሊና ቢሱ ሰውዬ ተገኘ። አንገቱን ይዞ የሚያመጣው ግን ጠፋ፤ በገዛ እግሩ ሮጠ።

ደምሌ ወስፌውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ አልደነገጠም ግን።

«ታውቅ ነበር!» አለ ይርዳው።

«እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ያን ሁሉ ስሳደብ!»

«ሰውን ፊት ለፊት እቃዬን መልስ ይባላል እንዴ? ይሉኝታ የለም?» አለ ደምሌ። «ደግሞስ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ‹መቀመጫዋ እንዴት ነው› እያልኩ ስጠይቅህ ምን የምልህ መሰለህ?»

ይርዳው ደምሌ ለዳማ አሳቢ ይመስለው ነበር። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። «ይቅር በለኝ» አለው፤ ደምሌም «ኧረ ምን ችግር አለው» ብሎ ክሩን ማስገባት ጀመረ።

ከዚህ በኋላ እኔም መከተል አቃተኝ። ወስፌው ወናፉን ሰፋ፤ ወናፉ እሳቱን አናፋ፤ እሳቱ ማንሻውን አቀላ፤ ቸኮል፣ ጉድ በሉ፣ ቸኮለ! ማንሻው መዝጊያውን አነሳ፤ መዝጊያው ውሃውን ለቀቀ፤ ውሃው ሽንኩርቱን አጠጣ፤ እንድሪስ ካንዴላውን ነቅሎ፣ እንዳለው ስሞ ሰጠ። ይርዳው ካንዴላውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አጠበቀው። አንድ ጊዜ ረገጠ፣ ሁለተኛ ረገጠ፤ ዱ ዱ ዱ ዱ ዱ! ዳማ ተነሳች።

ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ተያያዘው። አጋማሹ ላይ ሲደርስ የአትጠገብ ወንድም ቢተው ሁለት አህያ እየነዳ ሲወርድ ተገናኙ።

«ወዴት ነው?» አለ ቢተው።

«እህትህን ላመጣ። አንተስ?»

«ሳጥኗን ላመጣ።»

ሁለቱም ወደ ላይ አዩ። ፀሐይዋ ከአናት ትንሽ ዘወር ብላለች፤ ሁለቱም አይተዋል። ቢተው ጉሮሮውን ጠረገ። «አህዮቼ ደክሟቸዋል፤ እስቲ ትንሽ ይረፉ» አለና ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ አለ። ቁልቁለት የሚወርድ ባዶ አህያ ምን እንዳደከመው አልጠይቅም።

አትጠገብ የዳማን ድምፅ ከሩቅ ሰምታ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«ዘገየህ» አለችው።

«ወስፌ ይዤ ስለቀረሁ ነው።»

«ምን ወስፌ?»

«ተቀመጪ፤ መንገድ ላይ እነግርሻለሁ።»

መጀመሪያ ጫፉ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ተደላድላ ተቀመጠች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሁሉንም ነገራት፤ ዳማን ከካንዴላው፣ ካንዴላውን ከውሃው፣ ውሃውን ከማንሻው፣ ማንሻውን ከወናፉ፣ ወናፉን ከወስፌው፣ ወስፌውን ከራሱ። አትጠገብ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቢተውን ሲያልፉት እጁን አነሳላቸው፤ አህዮቹ ሳር ይግጣሉ። ወዲያው መንገዱ ላይ አንድ ጉድጓድ ገጠማቸው፤ ዳማ ነጠረች፣ ከኋላ በኩል ጥርርርር የሚል ድምፅ ተሰማ።

ይርዳው ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ።

«ምንድን ነው?» አለች አትጠገብ።

«ስፌቱ ነው።»

«ልውረድ?»

ይርዳው አላቆመም። አስራ አንድ ዓመት የፈራው ነገር ደረሰ፤ ራሱም ገርሞት፣ ምንም አልመሰለውም። «አትውረጂ» አላት። «ነገ ከደምሌ ወስፌውን ተውሼ እሰፋዋለሁ።»

አትጠገብ ወገቡን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«እሺ ተዋስ» አለችው። «የምመልሰው ግን እኔ ነኝ።»

ይህችን ተረት አዋስኳችሁ እንጂ አልሰጠኋችሁም። ነግራችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ፤ ስትመጡ ግን ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ።