የሼህ ጦይብ ረጅም ሱጁድ

ዱሮ፣ ስሟን ብጠራላችሁ «የኛ አገር ናት» ብላችሁ በምትጣሉባት አንዲት የገበያ ከተማ፣ ሼህ ጦይብ የሚባሉ ኢማም ነበሩ። ማሰገድን ከእህል ከውሃ አብልጠው የሚወዱ ሰው ናቸው።

በእርጅናቸው ሱጁዳቸው ረዘመ። ግንባራቸው አንዴ መሬት ከነካ ቶሎ ቀና አይሉም። ጀመዓው «ሱብሃነላህ፣ ምን ያለ ኹሹዕ፣ ምን ያለ የልብ ተመስጦ ነው!» እያለ ያለቅስ ጀመር። ወሬው ተዛምቶ ከሩቅ አገር ሳይቀር በበቅሎ እየመጡ ከኋላቸው መስገድ ያዙ። ከሁሉም የባሱት ጨው ነጋዴው ሐጂ ሙሔ ነበሩ፤ ከሱጁድ ሲነሱ እንባቸው ጢማቸውን ያርሰዋል።

የሼሁ ሚስት ዙበይዳ ግን ነገሩን ታውቃለች። ማታ ማታ ጉልበታቸውን በቅቤ የምታሸው እሷ ናት።

«ኧረ ይንገሯቸው! በሪህ ወሊይ ሊያደርጉዎት እኮ ነው» አለቻቸው።

«ብነግራቸው ማሰገዱ ይቀርብኛል» አሉ ሼሁ። «ባልነግራቸው ደግሞ የማይገባኝን ክብር እየበላሁ አላህ ፊት እቀርባለሁ።»

ጁሙዓ ዕለት ሶላቱ እንዳለቀ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ወንድሞቼ፣ ሱጁዴን ያስረዘመው ጉልበቴ ነው፤ መነሳት እያቃተኝ ነው። ከእንግዲህ ወጣቱ ሙባረክ ያሰግዳችሁ።»

ጀመዓው ጭራሽ ባሰበት። «ያ አላህ፣ ትህትናቸው!» ብሎ እንባ በእንባ ሆነ። ሐጂ ሙሔ እጃቸውን ሊስሙ ተንደረደሩ።

ይሄኔ ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ ዙበይዳ አላስችላት አለ። «ወላሂ እውነታቸውን ነው! ቅቤውን የጨረስኩት እኔ ነኝ!»

በሚቀጥለው ጁሙዓ ሙባረክ አሰገደ። ሼሁ ከፊተኛው ሰልፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰገዱ። ሶላቱ ቶሎ አለቀና አንዱ «ይሄ ልጅ ኹሹዕ የለውም» ብሎ አጉረመረመ።

«ልጁ ጉልበት አለው። ኹሹዑን አላህ ያውቀዋል» አሉ ሼሁ። ልጆች ቁርኣን ማስቀራታቸውን ግን አልተዉም፤ «ምላሴን አላመመኝ» ይሉ ነበር።

ሰዉ ሲወጣ ሐጂ ሙሔ ጠጋ አሉ።

«ሼህ ጦይብ፣ ያንን በርጩማ ማን ሠራልዎት?»

«ምነው ሐጂ?»

«እኔንም ሲያስለቅሰኝ የነበረው ጉልበቴ ነው።»

ሼሁ በርጩማቸውን እያሳዩ፣ «እውነት የተናገረ ለወንድሙም መቀመጫ ያገኝለታል» አሉ።

እኔ ብሆን ዝም ብዬ እመሰገን ነበር፤ እናንተንም አላምናችሁም። የሚወዱትን ሥራ ማስረከብ ያማል፣ ከሪህም ይብሳል። ሼህ ጦይብ ግን የማይችሉትን በእውነት በለቀቁ ጊዜ የሚችሉት ቀረላቸው። በዚያ መስጊድ የፊተኛው ሰልፍ እስከ ዛሬ በርጩማ አያጣም አሉ።