ሰባት እምቢታ ለአንድ ስልቻ ውሃ

ስሙኝማ፣ ነገሩ የተጀመረው በአንድ ስልቻ ውሃ ነው። ብዙ አይደለም፤ አንዲት ሴት በትከሻዋ የምትችለውን ያህል።

ከባሕሩ ዳር፣ ድንጋዩ እግር በሚያቃጥልበት ሀገር፣ ያዮ የሚባል ሰው ነበር። በጉልምስናው ዘጠኝ ወር ሙሉ ቆፍሮ ጣፋጭ ውሃ አወጣ። መንደሩ ጠጣ፣ ግመሉ ጠጣ፣ ፍየሉ ጠጣ። ኋላ መርከብ መጣች። ከመርከቧ የወረዱት ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ለድንኳናቸው ጥላ ለመኑ፤ በሁለተኛው ዓመት ለመርከባቸው የከሰል ማስቀመጫ ለመኑ፤ በሦስተኛው ዓመት መለመን ተዉ። ጉድጓዱን በሽቦ አጠሩ፣ በዙሪያው ጥጥ ዘሩ፣ በሩ ላይ ዘበኛ አቆሙ።

መንደርተኛው የባሕር ዳሩን ጨዋማ ውሃ ይጠጣ ጀመር። ያዮ ያኔ አርጅቷል። ጨዋማው ውሃ ሆዱን አቃጠለው፣ እግሩን አሳበጠው፣ ከንፈሩን ሰነጣጠቀው።

"ዳሂቦ ልጄ፣" አላት አንድ ቀን ሴት ልጁን፣ "ከጉድጓዴ አንድ ስልቻ አምጪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ዳሂቦ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ውስጥ ከአባቷ ሌላ ሰው የሌላት ሴት ናት። ስልቻዋን አንጠልጥላ ሄደች። በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው የአክስቷ ልጅ ጋአስ ነበር።

"ጋአስ ወንድሜ፣ በሩን ክፈትልኝ። አጎትህ ጠምቶታል።"

ጋአስ ዓይኗን ማየት አቅቶት መሬት መሬት አየ። "አልከፍትም። ይሄን ኮት ያለበሱኝ እንዳልከፍት ነው። እኔ ባልቆም ሌላ ሰው ይቆማል፤ የሚራቡት የኔ ልጆች ናቸው። ባላባቱን ጠይቂ።"

ባላባቱ፣ ባዕዳኑ በሰጡት ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው የሰጡትን የኪስ ሰዓት ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ያዳምጡ ነበር።

"ጌታዬ፣ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ የአባቴም ከንፈር እንደደረቀ ነው። እባክዎ ይዘዙት።"

"አላዝም" አሉ ባላባቱ። "ጣቴን ቀለም ነክሬ ሁለት ወረቀት ላይ አትሜያለሁ። በኛ ቋንቋ የተጻፈው 'ወዳጅነት' ይላል። በነሱ ቋንቋ የተጻፈው ግን 'መሬቱ፣ ውሃውና ሰዉ' ይላል አሉ፤ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እምቢ ብል ደግሞ ጠመንጃውን ለወዲያኛው መንደር ባላባት ሰጥተው በሱ ያስረግጡን ነበር። ሻለቃውን ጠይቂ።"

ሻለቃው ድንኳኑ ውስጥ ጫማውን ያስወለውላል። ከጎኑ እድሪስ የሚባል አስተርጓሚ ቆሟል።

"ጌታዬ፣ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ባላባቱ ዘበኛውን አላዝም አሉ፤ የአባቴም ከንፈር እንደደረቀ ነው። ወረቀቱን ይቅደዱልኝ።"

"ወረቀቱን አልቀድም ይላል" አለ እድሪስ። "ጥጡ ውሃ ይፈልጋል ይላል። ያዘዘኝ ገዢው ነው፣ እሱን ትጠይቅ ይላል።"

ገዢው የሚኖረው በወደብ ከተማው ነበር፤ የሦስት ቀን መንገድ። እድሪስ የሻለቃውን ደብዳቤ ሊያደርስ ይሄድ ስለነበር አብራው ሄደች።

"ጌታዬ፣ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ባላባቱ ዘበኛውን አላዝም አሉ፤ ሻለቃው ወረቀቱን አልቀድም አለ፤ የአባቴም ከንፈር እንደደረቀ ነው። ሻለቃውን ይመልሱልን።"

ገዢው ፈገግ አለ። "ሻለቃውን አልመልስም። እኛ የመጣነው ልናሠለጥናችሁ ነው፤ ሥልጣኔ ገብቷችሁ ቢሆን ኖሮ ታመሰግኑን ነበር። ለማንኛውም እኔን የላከኝ ከባሕር ማዶ ያለው ሚኒስትር ነው።" ከዚያ ስልቻዋን አየ፣ ሹሩባዋን አየ። "በዋናው ከተማ ትልቅ አውደ ርዕይ ተከፍቷል። በግዛታችን ያሉ ሕዝቦች የሚታዩበት ነው። ሂጂ፤ ሚኒስትሩን እዚያ ታገኚዋለሽ።"

ዳሂቦ አባቷን ለአክስቷ፣ ለጋአስ እናት፣ አደራ ብላ መልእክት ላከች። መርከብ ተሳፈረች፤ እድሪስም ሊያስተረጉም አብሮ ተላከ።

አውደ ርዕዩ በእንጨት አጥር የተከፋፈለ ሜዳ ነበር። ለዳሂቦ የውሸት ጎጆ ሠሩላት፣ ፊት ለፊቱም ውሃ የሌለው ጉድጓድ ቆፈሩላት። ባዶ ስልቻ ታወርዳለች፣ ባዶ ስልቻ ታወጣለች። ሰዉ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያጨበጭባል፣ ብስኩት ይወረውርላታል። የመጀመሪያው ቀን አለቀሰች። ያን ጊዜ ይበልጥ አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲያ አላለቀሰችም።

ሚኒስትሩ የመጣው በሁለተኛው ወር ነው።

"ጌታዬ፣ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ባላባቱ ዘበኛውን አላዝም አሉ፤ ሻለቃው ወረቀቱን አልቀድም አለ፤ ገዢው ሻለቃውን አልመልስም አለ፤ የአባቴም ከንፈር እንደደረቀ ነው። ገዢውን ያንሡልን።"

"ገዢውን አላነሣም" አለ ሚኒስትሩ። "የአንቺ ውሃ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ጥጥ የሚፈልገው እሱ ነው።" ከኋላው የቆመውን ወፍራም ሰው አሳያት። የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ነበር።

"ጌታዬ፣ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ባላባቱ ዘበኛውን አላዝም አሉ፤ ሻለቃው ወረቀቱን አልቀድም አለ፤ ገዢው ሻለቃውን አልመልስም አለ፤ ሚኒስትሩ ገዢውን አላነሣም አለ፤ የአባቴም ከንፈር እንደደረቀ ነው። ጥጡን ይተዉልን።"

"አልተውም" አለ የፋብሪካው ባለቤት። "ጥጥ ካጣሁ የፋብሪካ መኪናዬ ይቆማል፤ መኪናዬ ከቆመ አርባ ሺህ ሠራተኛ ይራባል፤ የራበው ሠራተኛ መስኮቴን ይሰብራል። ደግሞስ እኛ ብንተወው ያ ሰውዬ አይወስደውም?" በጣቱ የጎረቤት ሀገራቸውን ንጉሥ መልእክተኛ አሳያት። መልእክተኛው አውደ ርዕዩን ሊያይ ተጋብዞ መጥቶ ነበር።

ዳሂቦ ድምጿ ተዘግቶ ነበር፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ጀመረች።

"ጌታዬ፣ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ባላባቱ ዘበኛውን አላዝም አሉ፤ ሻለቃው ወረቀቱን አልቀድም አለ፤ ገዢው ሻለቃውን አልመልስም አለ፤ ሚኒስትሩ ገዢውን አላነሣም አለ፤ የፋብሪካው ባለቤት ጥጡን አልተውም አለ፤ የአባቴም ከንፈር እንደደረቀ ነው። እርስዎ ዓይንዎን ከበረሃችን ላይ ይንቀሉልን።"

"ዓይኔን አልነቅልም" አለ መልእክተኛው። "ያንን በረሃ ከካርታ ላይ በቀር አይቼው አላውቅም። የምፈልገው እነሱ ስለፈለጉት ነው።"

"እነሱም የሚፈልጉት እርስዎ ይፈልጉታል ብለው ነው" አለች ዳሂቦ።

መልእክተኛው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ወሬውን ለሚኒስትሩ አጫወተው፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ካርታ ተዘረጋ። የቦታ ስም እንዲያነብ የተጠራው እድሪስ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ተለዋወጡ" አላት። "አንዲት ደሴት ለመልእክተኛው ንጉሥ ሆነች። በደቡብ ያለው የወንዝ ሀገር ለእነዚህኞቹ ሆነ። ጥጡ እዚያ ይዘራል፤ የእናንተን በረሃ ሁለቱም ተዉት። ጉድጓድሽ ተመልሶልሻል።"

"የወንዙን ሀገር ሰዎች ጠየቋቸው?"

"አንቺን ጠይቀውሽ ነበር?"

መልእክተኛው ዓይኑን ነቀለ፤ የፋብሪካው ባለቤት ጥጡን ተወ፤ ሚኒስትሩ ገዢውን አነሣ። ዳሂቦም ወደ ሀገሯ በምትሄደው መርከብ ተሳፈረች።

መርከቧ ላይ ወታደሮች ነበሩ፤ የጥጥ ዘር በጆንያ ነበር፤ አጁሉ የምትባል ረጅም ሴትም ነበረች። እሷም በሌላ አጥር ውስጥ ስትታይ ከርማ ወደ ቤቷ መመለሷ ነው። ሁለቱ የሚግባቡት በአውደ ርዕዩ በለቃቀሟት የባዕድ ቋንቋ ነው።

"ሀገሬ ወንዝ ነው" አለች አጁሉ ደስ ብሏት። "ዓሣ፣ ማሽላ፣ ሣር። እነዚህ ወታደሮች ግን የት ነው የሚሄዱት?"

ዳሂቦ ብትዋሽ ይቀላት ነበር፤ አልዋሸችም። "ወዳንቺ" አለች።

አጁሉ ክንዷን ያዘቻት። "እንዳይመጡ ለማን ልንገር?"

ዳሂቦ ምን ትበላት? የምታውቀውን ነገረቻት። "ዘበኛው በሩን አልከፍትም ይልሻል፤ ባላባቱ ዘበኛውን አላዝም ይሉሻል፤ ሻለቃው ወረቀቱን አልቀድም ይልሻል..."

"ዘበኛ የለንም እኮ" አለች አጁሉ። "በርም የለንም።"

"ይሠሩላችኋል።"

 ዳሂቦ በወደቡ ወረደች፤ አጁሉ ከወታደሮቹ ጋር ቀጠለች።

ገዢው ከመሄዱ በፊት ሻለቃውን መለሰ፤ ሻለቃው ወረቀቱን ቀደደ፤ ባላባቱ ዘበኛውን አዘዙ፤ ጋአስም በሩን ከፈተ። ኮቱን አውልቆ ሽቦው ላይ ሰቀለና ስልቻዋን ራሱ ሞላላት። ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ያዮ በሕይወት ነበር፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ። ዳሂቦ ራሱን ደግፋ ቀና አደረገችው፣ ጣሳውንም ከንፈሩ ላይ አስጠጋችለት። አንድ ጊዜ ተጎነጨ።

"እንዴት ለቀቁት?" አላት።

"ሌላ ሀገር አገኙ፣ አባ።"

"የማን ሀገር?"

"የአጁሉ።"

"አጁሉ ማን ናት?"

ዳሂቦ ነገረችው፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ወታደሮቹ፣ ስለ ጆንያው ነገረችው። ያዮ ጣሳውን መለሰና ደረቱ ላይ ይዞ ቆየ። 

ግን ጠምቶት ነበርና ጠጣ። ዳሂቦም ሁለተኛ ቀዳችለት።