ከሰው ራስ በላይ የተሰቀለ ጆንያ

አንድ ሹፌር ነበር። ከደጋው ከተማ ወደ ቆላው ገበያ በሚኒባስ ሰው ያመላልሳል። ክረምት ሲገባ ተሳፋሪው አማረረ። ጣሪያ ላይ የተጫነ ዕቃ በዝናብ ይበሰብሳል፤ መኪናው በየኬላው ሲቆም ደግሞ ገመድ የሚፈታ ሌባ አይጠፋም። ሹፌሩ አሰበና በመኪናው ውስጥ፣ ከግራና ከቀኝ መስኮቶች በላይ፣ የባሕር ዛፍ ጣውላ ደርድሮ እንደ ቤት ቆጥ ያለ የዕቃ ማስቀመጫ ሠራ። ብየዳ የሚያውቅ ጓደኛው፣ «ይሄ እኮ ብረት ይፈልጋል፤ ከመኪናው አካል ጋር መበየድ አለበት» ቢለው፣ «ሚስማርና ሽቦ ምን አነሰው?» ብሎ ሳቀበት። ከራሱ መቀመጫ በላይ ግን ምንም አልሠራም። እይታ ይጋርደኛል አለ።

ተሳፋሪው ቆጡን ወደደው። ማንም ሳያዝዘውም አንድ ልማድ አወጣ። በግራ የተቀመጠ ዕቃውን በቀኝ ቆጥ፣ በቀኝ የተቀመጠ በግራ ቆጥ ላይ ይሰቅላል። ምክንያት አለው፤ ከራስህ በላይ ያስቀመጥከውን ሌባ ሲያወርደው አታይም፣ ማዶ ያለውን ግን ዓይንህ አይለቀውም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉም የራሱን ዕቃ ይጠብቃል፣ ከሌላ ሰው ዕቃ ሥር ይቀመጣል። ብልሃት ነው እንግዲህ። ሌባ የሚወስደው ዕቃ ብቻ ነው፤ የሚወድቅ ዕቃ ግን ሰው እንደሚወስድ ያሰበ አልነበረም።

አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ እናቷ ቤት ታርሳ ወደ ባሏ የምትመለስ ሴት ጨቅላ ልጇን ታቅፋ በቀኝ በኩል ተቀመጠች። በግራ በኩል፣ በእሷ ትይዩ፣ አንድ የብረት ነጋዴ ነበር። የእሱ ጆንያ ከእሷ ራስ በላይ ተሰቅሏል።

መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ጉም መንገዱን ሸፈነው። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላ ወገን ውሃ የሚያንጠባጥብ ቋጥኝ ነው። በየኩርባው ቆጡ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሲጥ ባለ ቁጥር ወሬው ይቋረጣል፤ ዝም ሲል ሰው እንደገና ማውራት ይጀምራል፣ ግን ምን ሲያወራ እንደነበር ይጠፋበታል።

የእንጨት ብናኝ በሕፃኑ ግንባር ላይ ወረደ። እናቱ በጣቷ ጠረገችለት። በሚቀጥለው ኩርባ ደግሞ ወረደ። ቀና ስትል ጆንያው በጣውላዎቹ ክፍተት ወደ ታች አብጦ፣ የማረሻ ጫፍ ቀዶት ብቅ ብሏል። ጣውላውን ከያዙት ሚስማሮች አንዱ ከግማሽ በላይ ወጥቷል። ፈራች። ጎንበስ ብላ ልጇን በገላዋ ከለለችው፤ ያ ሁሉ ብረት ቢወርድ የእሷ ጀርባ እንደማያቆመው ግን ታውቃለች።

«ሹፌር፣ በእናትህ አቁምልኝ! ይሄ ነገር ሊወድቅብን ነው» አለች።

«እዚህ አይቆምም እህቴ፣ ኩርባ ነው። ስንቴ ተመላልሼበታለሁ፤ አይወድቅም!»

ወደ ነጋዴው ዞረች። «ጋሼ፣ ጆንያው የእርስዎ ነው። እባክዎ ያውርዱልኝ።»

«አይዞሽ ልጄ፣ ምንም አይልሽም» አለ ነጋዴው ተደላድሎ። «ይልቅ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ፣ ልጅሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። የፈራ ሰው ሳቅ ስለነበር ቶሎ አለቀ።

ብዙ ሳይሄዱ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ። አንድ ሽቦ ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ ጣውላው ወደ ታች ዘመም አለ። አንዲት ሴት «ማርያም ማርያም» አለች። እናትየዋ ግን ከዚያ በኋላ አልለመነችም። ነጋዴውን ዓይን ዓይኑን እያየች፣

«መልካም ጋሼ። ካልወደቀ ቦታ እንቀያየር። እርስዎ እዚህ ይምጡ፣ እኔ እዚያ ልቀመጥ» አለችው።

ሁሉም ነጋዴውን ማየት ጀመረ። በዚያ ጆንያ ውስጥ ምን ያህል ማረሻ እንዳለ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ጠዋት ከሌላ ሰው ጋር ተጋግዞ፣ እያቃሰተ ነው የሰቀለው። ሊነሳ ሞከረና ቀና ብሎ ጆንያውን አይቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እኔ... እዚሁ ተመችቶኛል» አለ። ከዚያ ድንገት ብድግ ብሎ፣ «አቁም! አቁም እንጂ አንተ ሰው!» ብሎ ጮኸ።

ሹፌሩ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ ጥጉን ይዞ አቆመ። ነጋዴው አንድ ጎረምሳ እንዲያግዘው ለምኖ፣ ላቡ በፊቱ እየወረደ ጆንያውን አወረደ። ሹፌሩ መጥቶ ያንን ሚስማር ነካ ቢያደርገው በጣቱ ተነቅሎ መጣለት። ሚስማሩን እያየ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ በኋላ ማንም የማንንም ትእዛዝ አልጠበቀም። አንዱ ቀና እያለ «ይሄ የማነው?» ሲል ሌላው እያፈረ «የኔ ነው» እያለ ያወርድ ጀመር።

እናትየዋ ትንፋሿ ሲመለስ ንዴቷ መጣ። ነጋዴውን የልቧን ልትነግረው አፏን ስትከፍት፣ በግራ በኩል መስኮት ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ጠሯት።

«ልጄ፣ የእኔንም ብታወርጂልኝ።»

«ምኑን አባቴ?»

«ያንን በነጠላ የተጠቀለለውን። ስትሰቅዪው አይቻለሁ።»

እናቷ ለጎጆሽ ይሁንሽ ብላ የሰጠቻት የቅመም መፍጫ ድንጋይ ነበር። እንዳይጠፋባት ብላ፣ እንደ ሰው ሁሉ ማዶ ሰቅላዋለች። መንገዱን ሙሉ ደጋግማ አይታዋለች፤ ከሥሩ የተቀመጡትን ሽማግሌ ግን አንድ ጊዜም አላየቻቸውም። ደነገጠች። የአሁኑ ድንጋጤ ከቅድሙ ፍርሃት ባሰባት።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ አባቴ?»

«አፍ አውጥቼ ልነግርሽ ስል አንቺ ስትጮኺ ሰማሁ። ፍርሃትሽ ይበቃሻል ብዬ ተውኩት» አሏት። ይህን ሲሉም ዓይናቸው ከተጠቀለለው ነጠላ አልተነሳም።

ለነጋዴው ያዘጋጀችውን ቃል ዋጠችው። ሽማግሌውን ከሥሩ ፈቀቅ አድርጋ ልጇን አሳቀፈቻቸውና ድንጋዩን አወረደች፤ የቀረውን መንገድም እግሯ እየደነዘዘ በእግሮቿ መካከል ይዛው ሄደች።

ወዳጄ ሆይ፣ «አይዞህ፣ አይወድቅም» ማለት ከሥሩ ለማይቀመጥ ሰው ቀላል ነው። የሸክምን ልክ ማወቅ የፈለገ ከባለቤቱ አይጠይቅ፤ ባለቤቱን ከሥሩ ቁጭ በል ይበለው። ያ ነጋዴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናትየዋም አልነበረችም። ሁለቱም ዕቃቸውን ብቻ ሲጠብቁ ነው ሰው የረሱት። እኛም በቤታችንና በሥራችን የተሰቀለብንን ለመቁጠር ፈጣኖች ነን፤ በሌላው ላይ የሰቀልነውን ግን ዕቃ ነው ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ እርስዎ ሲናገሩ ዝም ብሎ የሚያዳምጥዎ ሰው ይኖር ይሆናል። ዝም ያለው ተመችቶት ነው? ወይስ እርስዎ የሰቀሉትን እያየ ነው?