ጨቅላ የተባሉት ጫማ ሠሪዎች

አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ የንግድ ቢሮ ኃላፊ ነበሩ። አንድ ቀን የከተማውን ጫማ ሠሪዎች አዳራሽ ሰብስበው፣ መድረኩ ላይ እንደተቀመጡ ይቆጧቸው ጀመር።

«ከውጭ በሚገባ ጫማ ላይ ከባድ ቀረጥ ጥለን፣ እንደ እናት አቅፈን ዐሥር ዓመት ሙሉ ጠበቅናችሁ። እናንተ ግን ዛሬም ጨቅላ ናችሁ! ለምን እንዳላደጋችሁ አሁኑኑ ካልነገራችሁኝ፣ ቀረጡ እንዲነሣ ለበላይ እጽፋለሁ።»

ቀረጡ ተነሣ ማለት የሁሉም ሱቅ ተዘጋ ማለት ነው። ያኔ አንዲት ጫማ ሰፊ ከኋላ ተነሥታ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ያደረጉት ጫማ እንዴት ያምራል! የት ነው የተሠራው?»

ኃላፊው ደስ አላቸውና እግራቸውን ዘረጋ አደረጉ። «ይሄ? የጣልያን ነው። እኔ ሌላ አላደርግም።»

«ታዲያ ጌታዬ» አለች ሴትዮዋ፣ «እናት ጡቷን ለጎረቤት ልጅ እየሰጠች፣ የራሷን ልጅ ‹ለምን አላደግህም?› ብላ ትቆጣለች?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ልሳነወርቅ እግራቸውን ቀስ ብለው ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ፤ ደብዳቤውም ሳይጻፍ ቀረ።